እሺ ብለውኝ የቀሩ ሰዎች

ረቡዕ ጠዋት 24 ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አራት ሰው መጣ። አይሱዙው 20 ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖ መንገድ ዳር ቆሟል። ሾፌሩ «ቶሎ አራግፉልኝ» ይላል። ግንበኛው ከኮምቦልቻ በሌሊት ተነስቶ ነው የደረሰው። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እዚያው ዋርካ ሥር ተሰብስበን ነበር። «ረቡዕ የምንጩን ቁፋሮ እንጀምራለን፣ ከየጎጡ ሰው ይውጣ» ስል ሁሉም «እሺ» አለኝ። የተቃወመ አልነበረም። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ነዋሪው ሙሉ በሙሉ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍኩ።

የጻፍኩት እውነት አልነበረም። ይህን ለማወቅ ግን አንድ ወር ተኩል፣ አንድ የተበላሸ ግንብና ብዙ ቅያሜ ፈጅቶብኛል። አሁን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳያልፍ ብዬ ነው። ገጠር ወጥቶ ከገበሬ ጋር የሚሠራ ሰው ይጠቀምበታል። ቢሮ ውስጥ ሆኖ «ተስማምተን አልነበር እንዴ?» እያለ ከባልደረባው ጋር የሚጣላም ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

ጊዜው 2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ቦታው ሐይቅና ውጫሌ መካከል፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ ያለች መንደር ናት። እኔ የአንድ የእርዳታ ድርጅት የሥራ አስተባባሪ ነበርኩ። ሥራው ምንጭ ማጎልበት ነው። የምንጩን ዓይን ቆፍሮ ማግኘት፣ በድንጋይና በጠጠር ማልበስ፣ በግንብ ሳጥን መክደን፣ ከዚያ ውሃውን በቱቦ አውጥቶ ወደ ቦኖ መውሰድ። ከላይ በኩል ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይወጣል። ዙሪያው ይታጠራል። ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ መጠጣታቸው ይቀራል። ማን ይህን ይጠላል? እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ቋንቋው ቋንቋዬ ነው፣ ሰዉም ሰዌ ነው። አለመግባባት ይፈጠራል ብዬ በጭራሽ አልጠረጠርኩም።

የመጀመሪያው ጠብ የመጣው «ተሳትፎ» ከምትለው ቃል ነው። እኛ ድርጅት ውስጥ ተሳትፎ ማለት ነዋሪው ጉልበቱንና ድንጋዩን በነጻ ያዋጣል ማለት ነው። በጀቱ ላይ ለቁፋሮ አንድ ብር አልተያዘም። እነሱ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ታሪክ አለው። የወሎ ገበሬ በድርቁ ዘመን «ምግብ ለሥራ» ሲባል እርከን ሠርቷል፣ መንገድ ጠርጓል። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ይሰፈርለት ነበር። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም መጣ። በወር 5 ቀን ይሠራል፣ ይከፈላል። ከዚህ ሌላ ጥር ሲመጣ የተፋሰስ ሥራ አለ። እሱ በነጻ ነው። እንግዲህ እኔ «በተሳትፎ ነው የምንሠራው» ስል ግማሹ «ስንዴ አለ ማለት ነው» ብሎ ሰማ። ግማሹ «ሌላ ዘመቻ መጣብን» ብሎ ሰማ። ሁለቱም «እሺ» አለኝ።

ስንዴ የጠበቀው ሰው ማክሰኞ ማታ ስንዴ እንደሌለ አወቀ። ረቡዕ ቀረ። ዘመቻ መስሎት የነበረውም እርሻው ላይ ዋለ።

ለምን ፊት ለፊት አልነገሩኝም? ያኔ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ይገባኛል። እንግዳን «አይሆንም» ብሎ መመለስ ነውር በሆነበት አገር ነው ያደግነው። ይሉኝታ አለ። እኔ ደግሞ መኪና ይዤ፣ ወረቀት ይዤ፣ ከቀበሌው ሰው ጋር ነው የሄድኩት። እንዲህ ላለ ሰው ማን ይቃወማል?

ቆይቼ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው። እውነተኛ «እሺ» ብቻውን አይመጣም። ጥያቄ ይከተለዋል። ሊመጣ ያሰበ ሰው «ስንት ሰዓት ነው?» ይላል። «አካፋ ከእናንተ ነው ወይስ ከቤት ይዘን እንምጣ?» ይላል። «ረቡዕ ሚካኤል ነው፣ ሐሙስ ይሁን» ብሎ ቀን ይቀይርብሃል። ሊቀር ያሰበው ምንም አይጠይቅም። «እሺ ይሁና» ብሎ መሬቱን በዱላው ይጭራል። «ኢንሻአላህ» ወይም «እግዜር ካለ» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። በእርግጥ ከልቡ ሊመጣ የፈለገም ኢንሻአላህ ይላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ነገር መኖሩና አለመኖሩ ነው። ያን የሰኞ ስብሰባ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስበው አንድም ሰው አካፋ እንኳ አልጠየቀኝም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ያደረግኩት ነገር ደግሞ ስህተቱን አባሰው። ወደ ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ። ከቀበሌ ትእዛዝ ወጣ። በሳምንቱ 24 ሰው መጣ። ቆፈሩ። ግን ሰላምታው ቀዘቀዘ። የቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ እድር፣ ዳኛ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሲያገኙኝ «ደህና አደሩ?» ብለው ያልፋሉ። ስለ ሥራው ምን እንደሚያስቡ ስጠይቃቸው «እርሶ እንዳሉት ይሁና» ነው መልሳቸው። ልጃቸው የምሆን ሰው ነኝ፤ አንቱ ነው የሚሉኝ። የወሎ ሰው አክባሪ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ርቀት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ተበላሸው ግንብ ልምጣ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሪፖርት ለማስገባት ሦስት ቀን ደሴ ሄድኩ። ገንዘቡ እስከ ሰኔ 30 ማለቅ ነበረበት። አለቃዬ በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ግንበኛውን «እኔ እስክመለስ ግድግዳውን ጨርስ» ብዬው ሄድኩ። እሱ የሚከፈለው በሜትር ኩብ ነው። ቶሎ ጨርሶ ሌላ ቦታ ኮንትራት ይዟል።

እኔ በሌለሁበት ከምንጩ ከፍ ብሎ መሬት ያለው አንድ ሰው መጣ። ግንበኛውን «የትርፍ ውሃ መውጫውን ትንሽ ከፍ ብታደርገው ቦዩ ወደ እኔ ማሳ ይደርሳል» አለው። ሰውየው ግንበኛውን ቤቱ የሚያሳድረው፣ እራትም የሚያበላው ነው። ግንበኛው «እሺ» አለ። መውጫውን 60 ሳንቲም ከፍ አደረገው። ግንቡ ከፍ ሲል ሜትር ኩቡም ይጨምራል፤ ይህንንም ግንበኛው አልጠላውም። ክፋት አልነበረበትም። ከፍታው የተወሰነው በምክንያት እንደሆነ ማንም አልነገረውም ነበር። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። «ጨርስ» ብቻ ነበር ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምንጭ ሲገነባ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከምንጩ ዓይን በላይ መቆም የለበትም። ከዓይኑ በላይ ከቆመ መልሶ ይገፋዋል። የተገፋ ውሃ ደግሞ የሚቀለውን መንገድ ይፈልጋል፣ በሌላ ስንጥቅ ይወጣል። መውጫ ቱቦው ከዓይኑ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ስመለስ ከግንቡ 30 እርምጃ ርቆ፣ ቁልቋሉ ሥር፣ መሬቱ ረጥቧል። ጀሪካን አምጥቼ ለካሁ። ሚያዝያ ላይ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ25 ሰከንድ ይሞላ ነበር። አሁን 41 ሰከንድ ፈጀ። ከውሃው ወደ አርባ በመቶ የሚጠጋው ጠፍቷል።

ያን ቀን የተባለው ሁሉ ጆሮዬ ላይ አለ። ገበሬዎቹ «ውሃችንን አጠፋችሁት» አሉ። እኔ በግንበኛው ጮህኩ። ግንበኛው «ሰዎቹ ናቸው ያዘዙኝ፣ አንተ የለህም» አለ። ባለማሳው ድምፁን አጠፋ። አንዲት እናት ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው «ዱዓ ሳይደረግ፣ ቡና ሳይፈላ ምድር ተቆፈረ። ምን ይሁን ታዲያ?» አሉ። እኔ ስለ ግፊትና ስለ ከፍታ ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸው ዝም ብለው አዩኝና ሄዱ።

የእኚህ እናት ነገር ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ስለ ውሃ ግፊት የነገርኳቸው ልክ ነበር። ግን የጠየቁኝ ስለ ግፊት አልነበረም። በወሎ ትልቅ ነገር ሲጀመር ሰው ይቀመጣል። ቡና ይፈላል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ይመረቃል፣ አሚን ይባላል። ወዳጃ የሚባለው ይኸው ነው። በዚያ መቀመጥ ውስጥ ሰው ሐሳቡን ያወጣል። ቅሬታ ያለው ይናገራል። ምርቃቱ የሚመጣው ልብ ከተገጣጠመ በኋላ ነው። እኔ ያደረግኩት የ40 ደቂቃ ስብሰባ ነበር። እናትየው ያሉኝ «ማንም ከእኛ ጋር አልተቀመጠም» ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቅሬው ዳኛ ቤት ሄድኩ። «አባባ፣ አጥፍቻለሁ። እንዴት ላርመው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣» አሉ፣ «ገና አሁን መጣህ።» ከአንቱ ወደ አንተ የተሻገሩት ያኔ ነው። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም።

በቀጣዩ እሁድ ተቀመጥን። ቡናው በሦስት ቤት ነው የፈላው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን። መጀመሪያ ዱዓ ተደረገ፣ ቄሱም መረቁ። ከዚያ ዳኛው እንዲህ አሉ፦ «ይስማ ንጉሥ ከዚህ ሩቅ አይደለም። አያቶቻችን እዚያ ከጣልያን ጋር ተፈራርመው ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ። ዛሬ አንዱ ያለውን ሌላው ሳይደግመው አንነሳም።» የውጫሌ ውል ማለታቸው ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ይስማ ንጉሥ ላይ ተፈረመ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ቢፈልጉ በጣልያን በኩል ይቻላቸዋል ይላል። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ነበር። የዓድዋ ጦርነት ድረስ ያደረሰ አንድ ቃል ነው። ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ለአንድ ስብሰባ ደንብ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ደንቡ ይህ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ከዚህ ውሃ ምን እንደሚፈልግና ምን እንዳይጠፋበት እንደሚፈራ ይናገራል። ቀጥሎ የሚናገረው መጀመሪያ የቀደመውን ሰው ሐሳብ ይደግማል። የተደገመለት ሰው «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» ካላለ ወሬው አይቀጥልም። አድካሚ ነው። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ግን በዚያ ቀን የሰማሁትን በአንድ ወር ተኩል አልሰማሁም።

ከታች መስኖ ያላቸው ገበሬዎች የፈሩት ቱቦው ውሃውን በሙሉ ይወስደዋል ብለው ነበር። ሽንኩርታቸው ይደርቃል። በቁፋሮው የዘገዩት ለዚህ ነው። የገዛ ራሳቸውን ማሳ የሚያደርቅ ጉድጓድ እየቆፈሩ መስሏቸዋል! እኔ ደግሞ የለካሁትን ቁጥር ማስታወሻዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ለአንዳቸውም አልነገርኩም። እዚያው በእንጨት መሬት ላይ አሰላነው። ጀሪካኑ በ25 ሰከንድ ሲሞላ በቀን 69,120 ሊትር ይወጣል። የመንደሩ ሰው 640 ነው። ለገጠር የተቀመጠው መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ስለዚህ ለመጠጥ የሚሄደው 16,000 ሊትር ነው። ከሩብ ያነሰ ማለት ነው። ሌላው ለከብትና ለመስኖ ይተርፋል። አንድ ገበሬ ስሌቱን ሁለቴ ካስደገመኝ በኋላ «ታዲያ ይህን በሚያዝያ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሩብ ማጣትም ማጣት ነው፤ እሱንም ደብቄ አላለፍኩትም። «ሩቡን ታጣላችሁ» አልኳቸው። ተከራከሩ። በመጨረሻ «ሌሊት የሚወጣው በሙሉ ለእኛ ይሁን» ብለው ተስማሙ።

ሴቶቹ የተናገሩት ደግሞ ፕላኑን ለወጠው። በፊት በነበረው ስብሰባ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ቦኖውን ያቀድኩት መንገድ ዳር ነው፣ መኪና እንዲደርስ፣ ጎብኚ ሲመጣ እንዲታይ። አንዲት ወጣት እናት ተነስታ «እዚያ ወንዶች ጫት ይዘው የሚቀመጡበት ነው። ልጆቻችንን በምሽት አንልክም። ልብስ የምናጥብበትስ የት ነው?» አለች። እኔ በሪፖርቴ ላይ ርቀትን ነበር የምቆጥረው። እነሱ ርቀቱ ግድ አልሰጣቸውም። ሰዓቱና ቦታው ነው። አንዷ ደግሞ የቧንቧው አፍ ከፍ ብሎ ከተሠራ ጀሪካኑን ከመሬት አንስቶ ለመያዝ እንደሚያስቸግር ነገረችን። የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ይህን የሚሸከም ሰው ነው የሚያውቀው።

ግንበኛውም ተናገረ። ቀን ባለፈ ቁጥር ከኪሱ እንደሚያወጣ፣ ሠራተኛ በሌለበት ቀን እንደማይከፈለው ነገረን። ማንም ይህን አያውቅም ነበር። «ሀብታም ኮንትራክተር ነው» ተብሎ ነው የሚታማው። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳውን በተራ ያመጡለት ጀመር።

እኔም የራሴን ማውጣት ነበረብኝ። ገንዘቡ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ፣ ካልጨረስኩ ኮንትራቴ ላይታደስ እንደሚችል ነገርኳቸው። ከባድ ነበር። አስተባባሪ እንዲህ አይናገርም ብዬ አስብ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ለዚህ ነው እንዴ የምትቸኩለው? እኛ ሌላ የተደበቀ ነገር ያለ መስሎን ነበር» አሉ።

ባለማሳው መጨረሻ ላይ ተነሳ። የፈለገውን ተናገረ። መሬቱ ከምንጩ በላይ ነው። ዕድሜ ልኩን ውሃው በሥሩ ሲያልፍ አይቷል። «መውጫውን ዝቅ ካደረጋችሁት እኔ ምንም አላገኝም። አልስማማም» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዚያች መንደር ፊት ለፊት «አልስማማም» ሲባል የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሊያስቆጣኝ ይችል ነበር፤ ግን እፎይ አልኩ። ምክንያቱም ከዚህ ሰው ጋር አሁን መነጋገር ይቻላል። የውሃውን ነገር መለወጥ አልቻልንም። ውሃ ሽቅብ አይሄድም፣ ፓምፕም በበጀቱ የለም። ቅሬው ግን ሌላ መፍትሔ አገኘ። ለምንጩ አጥር የሚሆነው መሬት ግማሹ የእሱ ነበር። ምትክ ከወል መሬቱ ሣር የሚያጭድበት ቦታ ተሰጠው። ተቀበለ። ደስ ብሎት ነው ማለት አልችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ግንቡን አፍርሰን መውጫውን ዝቅ አደረግን። በአሥር ቀን ውስጥ ውሃው ቀስ እያለ ተመለሰ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጀሪካኑ አሁን በ27 ሰከንድ ነው የሚሞላው። በቀን ወደ 5,000 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእኔ ጥፋት ቁልቋሉ ሥር ቀርቷል። ክረምት ገባብን፣ ሥራው ያለቀው መስከረም ላይ ነው። ሪፖርቴ ላይ «ዘግይቷል» ተብሎ ተጻፈ። ትክክል ነው፣ ዘግይቷል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቦታዎች ሠርቻለሁ፣ ቢሮ ውስጥም ሠርቻለሁ። ሥራ ስጀምር የማደርጋቸው ነገሮች ከዚያች መንደር ይዣቸው የመጣኋቸው ናቸው። ያለኝን ቁጥር መጀመሪያ አወጣለሁ፤ ገንዘቡን፣ ቀኑን፣ የሚጎድለውን። ሰው ሁሉ ከሥራው ምን እንደሚፈልግ ብቻ አልጠይቅም፣ ምን እንዳይነካበት እንደሚፈልግም እጠይቃለሁ። ለሠራተኛ ትእዛዝ ስሰጥ ምክንያቱን ጨምሬ እነግረዋለሁ። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው እኔ በሌለሁበት «እሺ» ከማለቱ በፊት ይደውልልኛል። «እሺ» ብቻ ስባል ደግሞ ስብሰባውን አልዘጋም። «ሐሙስ ሲደርስ መጀመሪያ የምትሠራው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ከሌለ እንደገና እንቀመጣለን። በቀን መቁጠሪያም ላይ አርብን፣ 12ን፣ 21ን፣ 27ን፣ የገበያውን ቀን ሳልጠይቅ የሥራ ቀን አልቆጥርም።

ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ አልኩ። ቦኖው ሴቶቹ ባሉት ቦታ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አለ። የልብስ ማጠቢያው ላይ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ባለማሳው የታጨደ ሣር ተሸክሞ ሲያልፍ አገኘሁት። ሰላም አለኝ፣ ቡና ጠጣ አለኝ። እቤቱ ገብተን ስንቀመጥ «የፓምፑ ነገርስ? አንተ ምንም አላመጣህም» አለኝ። ለጊዜው በእጄ ምንም እንደሌለ ነገርኩት። «እሺ» አለና ቀጠለ፣ «የፀሐይ ፓምፕ ስንት ነው የሚሸጠው? ማንስ ጋ ነው የሚጠየቀው?» ማስታወሻዬን አውጥቼ የማሳውን ከፍታ መጠየቅ ጀመርኩ።